የዲጋምበር የሃይደራባድ ስእለት

ዲጋምበር ፓትኪ ሥጋ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሥጋ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰው ልደት ላይ ኬክ ሲቆርሱለት እንኳ "እንቁላል አለው ወይ?" ብሎ ሳይጠይቅ አይነካም፤ አለው ካሉት "ዛሬ ሆዴን ቆርጦኛል" ብሎ ይመልሳል። እናቱም እንደዚሁ ኖራ ሞተች፣ አያቱም እንደዚሁ። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ከመስኖ መሥሪያ ቤት በጡረታ ተሰናብቶ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሃይደራባድ ሄጄ ከሩዝ ጋር የሚበስለውን የፍየል ሥጋ ብሪያኒ እበላለሁ ብሎ የተሳለው። ያውም በካህን ፊት፣ ያውም የሚኖርባት የሶላፑር ከተማ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ቆሞ እየሰማ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚስቱ ኩሙድ ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሻይ ጥዳ እዚያው ምድጃው ሥር ወደቀች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሁሉ ነገር አለቀ። በአሥረኛው ቀን እንደ ወጉ ሐይቁ ዳር ወጡ። የሩዙ ድቡልቡል ቅጠል ላይ ተቀመጠ፤ ሰዉ ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ቁራ መጠበቅ ያዘ። ቁራ መጥቶ ከቀመሰው ሟች ምንም ሳይጎድልባት ሄዳለች ማለት ነው። አልቀምስም ካለ ግን ሆዷ ውስጥ የቀረ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ የቆመው ሰው የቀረባትን እየገመተ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቁራው እስኪወርድ ድረስ ቃል ይገባላታል።

ቁራስ ሞልቶ ነበር። ዛፉ ላይ ተደርድረው ቁልቁል ያዩዋቸዋል እንጂ ማን ይውረድላቸው!

"ማንጂሪን ወግ ማዕረግ እናሳያታለን፣ አታስቢ!" አለች የዲጋምበር ታላቅ እህት አኑሱያ። ማንጂሪ የሟች ብቸኛ ልጅ ናት። ቁራዎቹ ዝም።

"የእናታችንን አምባር ለልጅሽ እሰጣታለሁ!" አለ የኩሙድ ታናሽ ወንድም የሽዋንት፣ ዓይኑ ደም መስሎ።

ወይ ፍንክች! ፀሐዩ ከረረ። ከኋላቸው ሌላ ሐዘንተኛ ተራውን ይጠብቃል፣ ካህኑ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻም "በቃ፣ ከሣር ቁራ ሠርተን እናስነካው" አለ። እንዲህም ይደረጋል፤ ግን የሰው ልብ አያርፍበትም።

ያን ጊዜ ነው አሥር ቀን ሙሉ ቃል ከአፉ ያልወጣው ዲጋምበር የተናገረው። "ኩሙድ፣ ዓመትሽ ሳይሞላ ሃይደራባድ እሄዳለሁ። አብላኝ ያልሽኝን የፍየል ብሪያኒ እኔው እበላልሻለሁ" አለ። አንዱ ቁራ ዱብ! ሩዙን አንዴ ጠቅ፣ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ በረረ። ሰዉ ይደሰት ይደንግጥ ግራ ገባው። አኑሱያ ደረቷን ይዛ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

ከየት አመጣው እንዳትሉ፤ ኩሙድ የመጣችው ሥጋ ከሚበላ ቤት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ተዋደው፣ እናቱ "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር አትነኪም" ብላ አስምላት ነው በምራትነት የተቀበለቻት። ኩሙድም ማለች። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት በዲጋምበር ቤት ሥጋ ሸቶ አያውቅም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች "እስቲ አንድ ቀን ሃይደራባድ ወስደህ ብሪያኒ አብላኝ፣ የፍየሉን" ትለዋለች። እሱም ከጋዜጣው ቀና ሳይል "በአትክልት የተሠራ እዚህም አለ" ይላታል። ትስቃለች፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ከሞተችበት ቀን ወዲህ አሥራ አንድ ወር ሆነ፤ ዲጋምበር አላለቀሰም። ድንዝዝ ብሏል። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ይነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ሲሄድ ይሸኛል። አኑሱያ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሱ በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ምግቡን እየሠራች ታወርድለታለች፣ እሱም "እሺ" ብሎ ይበላል። አንድ ቀን ተሳስታ በስኳር ፈንታ ጨው ብትጨምርበት ሻዩን ጥርግ አድርጎ ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦ መለሰላት። "ጎበዝ ነው፣ ቻለው" ይላሉ ጎረቤቶች። ምኑን ቻለው! የሚቻል ነገር አልመጣለትም እንጂ። የፎቶዋን የአበባ ጉንጉን ሲለውጥ "ምናልባት ይቺን ሴት አልወደድኳት ይሆን?" ብሎ ያስባል። ሐሳቡ አያስደነግጠውም፤ የሚያስፈራው አለመደንገጡ ነበር።

ስለዚህ የቀረው ያ ስእለት ብቻ ነው። ካልበላ ኩሙድ እንደጎደለባት መቅረቷ ነው፣ እሱም ለሚስቱ አንዲት ነገር ሳያደርግላት መኖሩ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት ይሄን ያውቃል።

ሙት ዓመቷ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማንጂሪ ከፑኔ ደወለች።

"አባዬ፣ የባቡሩን ትኬት ቆርጬልሃለሁ። ዓርብ ጠዋት ትሄዳለህ፣ እሁድ ትመለሳለህ። አብሬህ ብመጣ ደስ ባለኝ፣ ግን ፈቃዴን ለሙት ዓመቱ ይዤዋለሁ።"

"እሺ።"

"ዓርብ ቻርሚናር ነው፣ ባለ አራት ማማው ሕንፃ። ከሥሩ ያለውን አምባር ተራ ዞር ዞር በል፣ ሲደክምህ ኢራኖቹ ሻይ ቤት ግባ። ጨው ጨው የሚል ብስኩት ይሰጡሃል፣ ሻዩ ውስጥ ነክረህ ብላው።"

"እሺ።"

"ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጎልኮንዳ ምሽግ። በሩ ሥር ቆመህ ስታጨበጭብ ኮረብታው ጫፍ ላይ ላለ ሰው ይሰማዋል። አጨብጭብ እሺ?"

"ለማን?"

"እንዴ አባዬ፣ ለማንም። ዝም ብለህ አጨብጭብ።"

"እሺ።"

"ከዚያ ምሳ..." ድምፅዋ ቀነሰ። "አባዬ፣ የምርህን ነው?"

"ቃል ነው።"

"እማዬ እኮ አንተ ተጨንቀህ ማየት አትወድም ነበር።"

"አልጨነቀኝም" አለ ዲጋምበር። እውነቱን ነው፤ ምንም አላለውም።

ስልኩን ዘግቶ ወረቀት አወጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለገበሬ የቦይ ውኃ ተራ ሲያወጣ የኖረ ሰው ጉዞ ሲያቅድ ሌላ መልክ ከየት ያመጣል? መስመር በማስመሪያ አሰመረ፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሚከናወነው ተግባር፣ ኃላፊ ብሎ ከፈለው። "ዓርብ፣ አሥር ሰዓት፣ ሻይ ቤት፣ ብስኩት መንከር፣ ኃላፊ ዲ. ፓትኪ።" "እሁድ፣ ሦስት ሰዓት፣ የሃይደራባድ ሐይቅ ላይ በጀልባ መዞርና (ከተቻለ) መደሰት፣ ኃላፊ ዲ. ፓትኪ።" ለቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተግባሩን ጻፈ፤ ቦታውን ስላላወቀ ባዶ ተወው።

አኑሱያ ምሳ ይዛ ስትወርድ ወረቀቱን አየችው። መነጽሯን አወረደች።

"'የፍየል ሥጋ ብሪያኒ መብላት፣ ኃላፊ ዲ. ፓትኪ'። አንተ ዲጉ! አባታችን ይሄን ቢያይ!"

"ቃል ገብቻለሁ፣ እትዬ።"

"ቃል የገባኸው ለቁራ ነው! ቁራ ፍየልና አበባ ጎመን ይለያል?"

"ኩሙድ ትለያለች።"

"እሷስ ብትሆን፣ ያን ሁሉ ዘመን ጾማ ኖራ፣ ከሞተች በኋላ ሥጋ ሊያምራት ነው? ይልቅ ስማኝ። ካህኑን ጠይቄልሃለሁ። አንተ የአትክልቱን ትበላለህ፣ የፍየሉን ገዝተህ ለነዳያን ትሰጣለህ። ስእለቱም ይደርሳል፣ አንተም ትተርፋለህ። ከዚያ እዚያው ከተማው ውስጥ ኮረብታ ላይ ያለውን ነጩን ቤተ መቅደስ ትሳለማለህ። የታለ እስክሪብቶህ፣ ልጻፍልህ።"

"እበላልሻለሁ ነው ያልኳት። እመጸውትልሻለሁ አላልኩም።"

"እንግዲያው ከዚያ ስትመለስ የኔን ድስት አትነካትም! ሰምተሃል? ሳህንህንም ለብቻህ ታጥባለህ!"

"እሺ።"

አኑሱያ በሩን ወርውራው ወጣች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ዲጋምበር ዝግጅት የሚወድ ሰው ነውና ራሱን በትንሹ ለማለማመድ አሰበ። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የተቀቀለ እንቁላል በጋሪ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ሃያ ዓመት በፊቱ ሲያልፍ ሰላም የሚለው፣ አንድም ቀን ቆሞበት የማያውቅ። ያን ዕለት ቆመ።

"አንድ ስጠኝ።"

"ለማን ነው ጋሼ?"

"ለኔ።"

ሰውየው እንቁላሉን ይዞ ቀረ። "ደህና ነህ?"

"ምን ያህል ይታኘካል?" አለው ዲጋምበር፣ ኮስተር ብሎ።

"ኧረ ጋሼ፣ እንቁላል ነው እንጂ ሸንኮራ አይደለም!"

በጋዜጣ አስጠቅልሎ ቤቱ ገባ፤ መጋረጃውን ዘጋ፤ ላጠው፤ ጨው ነሰነሰበት፤ በላው። ማስመለስ ይመጣል ብሎ ጎድጓዳ ሳህን አጠገቡ አስቀምጦ ነበር፤ አልመጣም። የእናቱ ቁጣ ይሰማኛል ብሎም ነበር፤ እሱም የለም። አስኳሉ ጉሮሮው ላይ ደረቅ አለበት፣ ውኃ ጠጣበት፣ አለቀ። ስድሳ ሦስት ዓመት የጠበቀውን ነገር አፍርሶ እንኳ ምንም አለመሰማቱ ቅር አሰኘው፤ ቅር አሰኘው ማለትም ይበዛል።

በማግስቱ አኑሱያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ቅርፊቱን አገኘችው። የጮኸችው ጩኸት የሦስተኛውን ፎቅ ተከራዮች በፎጣ አስወጣቸው። "ዲጉ እንቁላል በላ! ልጁ ከነጭራሹ ተበላሸ!" ከዚያ ወዲያ ቤቱ አልገባ አለች። ወንድሟን ግን በረኃብ አትገድል፤ ምግቡን በቅርጫት አድርጋ ከሰገነቷ በገመድ ታወርድለት ጀመር። ቅርጫቱ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ዲጋምበር ሳህኑን ያነሣል፣ "እሺ" ይላል ወደ ላይ፣ ገመዱ ይመለሳል።

ለጉዞው አምስት ቀን ሲቀረው ሰንጠረዡ ላይ ባዶ የቀረችው ያቺው የቅዳሜ ሰባት ሰዓት ቦታ ነበረች። ለዚህ የሚጠየቀው የሽዋንት ነው። የሽዋንት የሶላፑር ፎጣና ብርድ ልብስ እየጫነ በየወሩ ሃይደራባድ ይመላለሳል፤ የት እንደሚበላ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ገና ጊዜ አለኝ ብሎ፣ እሁድ ቀን፣ ወደ አምስት ሰዓት ግድም፣ ሳይደውል ተነሥቶ ሄደ።

ስህተቱ ይሄ ነው። ሥጋ በሚበላ ቤት እሁድ ሳይደወል አይኬድም፤ በተለይ ጾመኛ አማች! እሁድ ማለት እኮ ከተማው በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ሥጋ ቤት የሚሰለፍበት፣ ምሳው የሳምንቱ ምሳ የሚሆንበት ቀን ነው። ዲጋምበር ግን እዚያ ቤት ሲጠራ ለበዓል ነው፤ ለበዓል ሲጠራ ደግሞ አዲስ ድስት ይወጣለታል፣ ምድጃው ይታጠባል፣ እሱም ሌላ ቀን ምን እንደሚበሉ ጠይቆ አያውቅም። እሁድ እሱ ጋዜጣ የሚያነብበት ቀን ነበር።

በሩን የከፈተው የሽዋንት ራሱ ነው፣ በካናቴራ። ከኋላው የተጠበሰ ሽንኩርትና ኮኮናት፣ ከሥሩም ዲጋምበር ስም የማያወጣለት ከበድ ያለ ሽታ ተከትሎት ወጣ።

"ጋሼ! ምነው ሳትደ... ማለቴ እንኳን ደህና መጣህ! ማልቲ! ኧረ ጋሼ መጥቷል!"

ከኩሽና የድስት ክዳን ተንኳኳ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ሌላ መስኮት ተከፈተ። የየሽዋንት ሚስት ማልቲ ፊቷን እየጠረገች ብቅ አለች። "ሻይ ላፍላልዎት፣ በንጹሑ ነው የማፈላው፣ አይሳቀቁ" ብላ ተመልሳ ገባች።

ዲጋምበር ተቀምጦ ወረቀቱን ዘረጋ። "ለቅዳሜ ሰባት ሰዓት ቦታ ጎድሎኛል" አለ።

የሽዋንት አነበበ። ብስኩት መንከር የሚለው ላይ ከንፈሩን ነከሰ፤ 'ከተቻለ መደሰት' ላይ ሲደርስ ግን አልቻለም፣ ሳቁ አፈተለከው። "ጋሼ ሙት! እህቴንም ያገባሃት በሰንጠረዥ ነው እንዴ?" አለና ሳቁ መሀል ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ከልቡ ያስረዳው ጀመር። ከቻርሚናር ጀርባ፣ በሽቶ ሻጮቹ በኩል ገብተህ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አንድ ጠባብ ቤት አለ፤ ስም የለውም፤ ሰልፉን አይተህ ታውቀዋለህ። ሩዙ ከላይ ነው፣ ሥጋው ከሥር። በእጅህ ነው የምትበላው። ያቀረቡልህ ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ሁሉንም ልጨርስ እንዳትል።

ዲጋምበር ይጽፋል። "አጥንቱን ምን አደርገዋለሁ?"

"ትግጠዋለሃ!"

"እንዴት?"

"እንዴት ይባላል እንዴ ጋሼ፣ ፍየሉ ቢሰማህ ያፍርብሃል!"

"ደህና" አለ ዲጋምበር ወረቀቱን እያጠፈ። ደብዳቤ የሚያነብ በሚመስል ድምፅ ቀጠለ። "ሠላሳ አራት ዓመት አምሯት፣ ሳታገኝ ሞተች። ይሄን እንኳ ላድርግላት።"

ማልቲ ሻዩን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ሳታገኝ?" አለች።

"ማልቲ" አለ የሽዋንት።

"ሳታገኝ አሉ እኮ!"

"ሻዩን አስቀምጪና ግቢ።"

"አልገባም! ሰውየው በባዶ ሜዳ ሆዳቸውን ሊያሳምሙ ነው። አሁን ማንን ብለን ነው የምንደብቀው፣ ሞታለች እኮ!" ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ዲጋምበር ዞረች። "ጋሼ፣ ኩሙድ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ እዚህ የምትመጣው ምን ልታደርግ ይመስልዎት ነበር?"

"እናቷን ልትጠይቅ።"

"እናቷ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት።"

ይሄን ዲጋምበር ያውቃል፤ ቀብሩ ላይም ነበር። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አስቦት አያውቅም እንጂ።

"ትበላ ነበር" አለች ማልቲ። "እዚህ፣ እዚቺው ምንጣፍ ላይ። ደግማ ነበር የምትበላው። ከዚያ ጥርሷን ትፍቃለች፣ ቅርንፉድ ታኝካለች፣ ልብሷን ትቀይራለች። ሽታ እንዳይዝባት ብላ አንድ ሳሪ እዚህ ትታ ነበር። እንዲያ ሆና ወደ እርስዎ ትመለሳለች።"

ዲጋምበር የሽዋንትን አየው። የሽዋንት መሬት መሬት ያያል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሠርጋችሁ ወር ጀምሮ" አለ የሽዋንት ቀስ ብሎ። "እማማ ናት የጀመረችው። ልጄ ከሳችብኝ አለች። በኋላማ ልማድ ሆነ።"

ዲጋምበር ሻዩን አነሣ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። አንድ ያልገባው ነገር ነበር። "ታዲያ ሃይደራባድ ለምን አለችኝ? እዚህ እየበላች?"

ማልቲ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ቁጣዋ ሄዶ ነበር። "እኔም ጠይቄያታለሁ። እዚህ እያለልሽ እዚያ ድረስ ምን ያንገላታሻል አልኳት። 'እዚያ የሚያውቀን ሰው የለም። እናቱ የለችም፣ እህቱ የለችም። ምናልባት ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ስበላ ያየኝ ይሆናል' አለችኝ። መብላቱንማ በልታለች፣ ጋሼ። እርስዎ እያዩዋት መብላት ነው ያማራት።"

"ለምን አልነገረችኝም?"

"ካወቀ ከእጄ አይበላም ትል ነበር።" ማልቲ ቀና ብላ አየችው። ለክፋት አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ራሷን የጠየቀችውን ነው የጠየቀችው። "እውነቷን ነበር?"

ዲጋምበር "እንዴት እንዲህ ታስባለች!" ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ አልመጣለትም። የመጣለት ሌላ ነው። አንድ እሁድ ነገሩን ደርሶበት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚያደርግ ቁልጭ ብሎ ታየው። አይጮህም፤ የሚጮህ ሰው አይደለም። "እሺ" ይላታል። ከማግስቱ ጀምሮ ከላይ ከእህቱ ድስት ይበላል፣ ሳህኑን ለብቻ ያሳጥባል፣ በትሕትና፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣው፣ እስኪሞቱ ድረስ። ኩሙድ ይሄን ሁሉ ገና በሠርጓ ወር አውቃው ነበር። አውቃውም በየቀኑ አበሰለችለት።

"እውነቷን ነው" አለ። "አልበላም ነበር።"

ይሄን እንዳለ አመመው። ከጎድኑ ሥር፣ ሰው በክርኑ የመታው ያህል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሲጠብቀው የቀረ ነገር በአንድ ጊዜ መጣበት፤ አፈረ፣ እፍረቱ ሳይወጣለት ናፈቀችው። በምን ቋንቋ እንደሚናገረው አላወቀም።

"ዛሬ ምንድን ነው የሠራችሁት?" አለ።

"ምንም፣ ጋሼ። ምስር ነገር..."

"የሽዋንት፣ ይሸተኛል።"

"የፍየል ነው" አለች ማልቲ።

"አምጪልኝ።"

የሽዋንት ብድግ አለ። "ተው ጋሼ፣ ተው በናትህ! ሥጋ በባዶ ሆድ... ደግሞስ ስእለቱ ሃይደራባድ ነው። እዚህ ብትበላ አይቆጠርልህም።"

"ይሄ ለስእለቱ አይደለም።"

ማልቲ ገብታ ቆየች። ይዛ የመጣችው የብረት ሳህን ጠርዙ ላይ በነጥብ በነጥብ የተወቀረ ስም ነበረው፣ ኩሙድ የሚል፣ የሱ የቤተሰብ ስም ሳይጨመርበት። እናቷ ናት ያስወቀረችው። ዲጋምበር በጣቱ ነካ ነካ አደረገው፤ አንዳንዱ ፊደል በማጠብ ብዛት ደብዝዟል።

"የት ነበር የምትቀመጠው?"

"እዚያ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።"

ከዚያ ቦታ ትይዩ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ወጡ ቀይ ነው፣ ዘይቱ ዳር ዳሩን ይዞታል። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር ሩዙንና ሥጋውን ለመለየት ጊዜ ፈጀበት፤ እንባውን አልጠረገውም፣ አገጩ ላይ ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል።

"ከየት ነበር የምትጀምረው?"

"ከአጥንቱ" አለች ማልቲ፣ እሷም እያለቀሰች። "መቅኒውን ነበር የምትወደው። ስትመጠው እስከ ደጅ ይሰማል፤ እኛ ነበርን የምናፍርላት።"

ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ዲጋምበር ያን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማም። አጥንቱን አነሣ፣ አፉ ላይ አደረገው፣ ሳበው፤ ምንም አልመጣለትም። ገልብጦ ሞከረ። ከዚያ አጥንቱን ወደ ማልቲ ዘረጋና "አሳዪኝ" አላት።